ክፍተት የመተው ጥበብ

የኑክሌር ነዳጅ የሚነደፈው ማብላያው ውስጥ በገባበት ቀን ለሚመስለው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ለሚሆነው ነው

በ1972 ሚያዝያ፣ በኒውዮርክ ግዛት ከኦንታሪዮ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የተተከለው የጊና ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነዳጅ ሊቀይር ሥራ አቆመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣቢያው መደበኛ የንግድ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ ሰው ሊጠጋው የማይችል ጨረር ስላለው ከማብላያው የሚወጣውም ሆነ የሚመረመረው በጥልቅ ውሃ ተከልሎ ነው። መርማሪዎቹ ቀጫጭኖቹን የነዳጅ ዘንጎች በውሃው ውስጥ ሲያዩ፣ ዙሪያውን ክብ መሆን የነበረበትን ቱቦ አልፎ አልፎ ተጨፍልቆ አገኙት።

ቱቦውን ምን እንደጨፈለቀው ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገም። ማብላያው ውስጥ ያለው ውሃ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ላይ ሆኖም እንዳይፈላ፣ ከከባቢ አየር 150 ጊዜ በሚበልጥ ግፊት ታፍኖ ይያዛል። ይህ ግፊት ቱቦውን ቀን ከሌት ከውጭ ይጫነዋል። እንቆቅልሹ ሌላ ነበር። በቱቦው ውስጥ ከታች እስከ ላይ የዩራኒየም እንክብሎች ተደርድረዋል፤ ቱቦው ቢጫን እነሱ ላይ ይደገፋል እንጂ አይጨፈለቅም። በተጨፈለቀበት ቦታ ላይ እንግዲህ እንክብል አልነበረም ማለት ነው። ጫፍና ጫፉ በብየዳ ከታሸገ ቱቦ ውስጥ እንክብሎቹ ወዴት ሄዱ?

የትም አልሄዱም። ተኮማትረው ነው። የነዳጁ ነዳፊዎች የተዘጋጁት ለተቃራኒው ነበር፤ የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ አንዱ ሁለት ስለሚሆን እንክብሉ ከጊዜ ጋር እንደሚያብጥ ያውቁ ነበር፤ ለእብጠቱም ቦታ ትተውለታል። ያልጠበቁት ከእብጠቱ ቀድሞ የሚመጣውን ነው። ሸክላ ሠሪ እንደምታውቀው ጭቃ ሲተኮስ ይኮማተራል። የዩራኒየም እንክብልም የሸክላ ወገን ነው፤ በምድጃ ተተኩሶ ይወጣል። ጊና ላይ የሆነው፣ ትኮሳው ማብላያው ውስጥም መቀጠሉ ነው። በስንጠቃው የሚፈናጠሩት የአቶም ስባሪዎች በእንክብሉ ውስጥ የቀሩትን እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየደፈኑ አጠፏቸው። የእንክብሎቹ ድርድር አጠረ፤ ከላይ ያሉት ቱቦው ላይ ተይዘው ሲቀሩ ከሥር ያሉት ወረዱ፤ በመካከሉ በተፈጠረው ባዶ ቦታ ላይ ቱቦው ደጋፊ አጣ።

ጉዳዩ በአንድ ጣቢያ ብቻ አልቀረም። የአሜሪካ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን በዚያው ዓመት የቴክኒክ ሪፖርት አወጣ፤ በርካታ ጣቢያዎችም መፍትሔው እስኪገኝ የሚያመነጩት ኃይል ተገደበ። መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ቱቦው ከመታሸጉ በፊት በግፊት ሂሊየም ጋዝ እንዲሞላ ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣውን ጫና ከውስጥ የሚመክት ነገር ተገኘለት። ሁለተኛ፣ የእንክብሉ አሠራር ተለወጠ፤ በቀላሉ የሚደፈኑት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀንሰው፣ ተለቅ ያሉና የሚጸኑ ቀዳዳዎች በስሌት እንዲቀሩለት ተደረገ።

ባለሙያዎቹ ከጊና ያገኙት ትምህርት ዛሬም የሙያው መሠረት ነው። ማብላያ ውስጥ የሚገባው ነዳጅና ከዓመታት በኋላ የሚወጣው ነዳጅ አንድ ዕቃ አይደሉም። መጠኑ፣ ኬሚካዊ ይዘቱ፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ፣ ጥንካሬው ሁሉ ይለወጣል። የነዳፊው ሙያ ለዚህ ለውጥ በልኩ ቦታ መተው ነው፤ ሲበዛም ሲያንስም አደጋ አለው።

ስድስት ግራም

እንክብሉ ለዓይን የሚገርም ነገር የለውም። ጥቁር፣ ከስምንት ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ውፍረትና አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ስድስት ግራም ገደማ የሚመዝን ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። በውስጡ ካለው ዩራኒየም በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዩራኒየም 235 ብዙውን ጊዜ ከአምስት በመቶ አይበልጥም። ያም ሆኖ ይህ እንክብል በማብላያው ቆይታው የሚሰጠው ሙቀት ወደ አንድ ቶን ከሚጠጋ የድንጋይ ከሰል ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል።

እንክብሉን ለመሥራት ዱቄቱ በማተሚያ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም በሃይድሮጅን በተሞላ ምድጃ ከ1,700 ዲግሪ በላይ ይተኮሳል፤ በመጨረሻም ዙሪያው ይሞረዳል። በዚህ ሁሉ ልፋት የሚፈለገው ጥቅጥቅነት መቶ በመቶ አይደለም፤ 95 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው አምስት በመቶ ሆን ተብሎ የተተወ ባዶነት ነው። የእንክብሉ ሁለት ጫፎችም ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ መሐላቸው በትንሹ ጎድጎድ ተደርጎ ጠርዛቸው ይቆረጣል።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ የሚቀልጠው ከ2,800 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ ግን ደካማ ነው። በመደበኛ ሥራ ላይ የእንክብሉ እምብርት ከ1,000 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከዚያ አራት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚርቀው ገጹ በመቶዎች ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መሐሉ ከዳሩ አብልጦ ስለሚለጠጥ እንክብሉ ገና በመጀመሪያው ማሞቅ ይሰነጣጠቃል። ነዳፊው ስንጥቁን ለመከላከል አይደክምም፤ ተሰነጣጥቆም እንዲያገለግል አድርጎ ይነድፈዋል። በጫፎቹ ላይ ያለው ጎድጓዳ የእምብርቱ መለጠጥ የሚሄድበት ቦታ ነው።

ታዲያ ሙቀት በደንብ የማያስተላልፍ ነገር ለምን ተመረጠ? ብረታ ብረቱ ዩራኒየም እኮ ሙቀት በማስተላለፍ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን በ668 ዲግሪ የውስጥ አደረጃጀቱ ይለወጣል፣ በጨረር ሥር በአንድ አቅጣጫ እየረዘመ ቅርጹን ያጣል፣ ሙቅ ውሃ ሲነካውም በፍጥነት ይበላል። በፔንስልቬንያ ግዛት የሺፒንግፖርትን ጣቢያ የነደፉት መሐንዲሶች በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህን በሙከራ አይተው ነው ለማብላያው ትልቅ ክፍል ኦክሳይዱን የመረጡት። ጣቢያው በ1957 መጨረሻ ሥራ ጀመረ፤ ምርጫውም እስከ ዛሬ በዓለም የሚበዙትን የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ይመራል።

ጠላት የሌለበት ብረት

እንክብሎቹን የሚይዘው ቱቦ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ኒውትሮን (አቶሞቹን የሚሰነጥቀውን ቅንጣት) እንዳይበላ፣ በሙቅ ውሃ እንዳይዝግ፣ ሙቀቱንና ግፊቱን እንዲችል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ሃንፎርድ የተሠሩት ማብላያዎች ዩራኒየማቸውን በአልሙኒየም ሸፈኑ፤ ውሃቸው ብዙ ስለማይሞቅ በቃቸው። እንግሊዞች በ1956 በካልደር ሆል በመረቁት ጣቢያ የማግኒዚየም ቅይጥ ተጠቀሙ፤ ማቀዝቀዣቸው ውሃ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። በግፊት የታፈነ ሙቅ ውሃን ግን ሁለቱም አይችሉትም። የማይዝግ ብረት ይችላል፤ እሱ ደግሞ ኒውትሮን ይበላል።

ዚርኮኒየም መጀመሪያ ኒውትሮን ይበላል ተብሎ የተናቀ ብረት ነበር። በተፈጥሮ ከማዕድኑ ሲወጣ ከ2 በመቶ ገደማ ሃፍኒየም ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ሁለቱ በኬሚካዊ ጠባይ መንትያ ስለሆኑ መለየታቸው አስቸጋሪ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኒውትሮኑን የሚበላው ሃፍኒየሙ እንጂ ዚርኮኒየሙ አለመሆኑ ታወቀ፤ በአሜሪካው ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራም የመለያ ዘዴ ተገኘ። የአሜሪካን የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ፕሮግራም የሚመሩት ሃይማን ሪኮቨር በገበያ ላይ በቅጡ ያልነበረውን ይህን ብረት መርጠው ፋብሪካ እንዲቋቋምለት ገፉ። ንጹሑ ዚርኮኒየም አስተማማኝ ሆኖ ስላልተገኘ ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን ተጨመረበት። ከዚያ ለቅይጥ ሙከራ የተዘጋጀ አንድ ቅላጭ በስሕተት በማይዝግ ብረት ተበከለ፤ ከሙቅ ውሃ ጋር ሲፈተን ግን የተበከለው ከጠራው በልጦ ተገኘ። ጥቂት ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል ያለበት ዚርካሎይ የተወለደው እንዲህ ነው። ናውቲለስ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በጥር 1955 በኑክሌር ኃይል ስትንቀሳቀስ ነዳጇ በዚህ ቅይጥ ተሸፍኖ ነበር። የተባረረው ሃፍኒየምም ሥራ አላጣም፤ ኒውትሮን የመብላት ጠባዩ በመርከቦቹ ማብላያዎች ውስጥ ለመቆጣጠሪያ ዘንግ ተፈለገ።

ዚርኮኒየም ግን የተደበቀ ባሕርይ አለው። ከ1,200 ዲግሪ አካባቢ ሲዘልቅ የእንፋሎቱን ኦክስጅን በፍጥነት እየነጠቀ ሃይድሮጅኑን ይለቃል፤ ይህ ሂደት ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ይበልጥ ያፋጥነዋል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ሕግ በአደጋ ጊዜ እንኳ የቱቦው ሙቀት ከ1,204 ዲግሪ፣ የሚዝገውም ከውፍረቱ 17 በመቶ እንዳያልፍ የሚያዘው። በመጋቢት 1979 በአሜሪካው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ውሃው ጎድሎ ነዳጁ ሲጋለጥ የማብላያው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ፤ ሃይድሮጅንም ተፈጠረ። በመጋቢት 2011 በጃፓኑ የፉኩሺማ ጣቢያ የማብላያ ሕንፃዎችን ጣራ የነቀለው ፍንዳታ መነሻው በአብዛኛው ይኸው ሃይድሮጅን ነበር።

የአንድ ክር ያህል ቀጭን ክፍተት

በተለመደው የምዕራባውያን ንድፍ የቱቦው ውጫዊ ስፋት 9.5 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 0.57 ሚሊ ሜትር ነው። በእንክብሉና በቱቦው መካከል የሚተወው ክፍተት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው የነዳፊው ጭንቀት እዚህ ውስጥ ነው።

ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ሙቀቱ መሻገሪያ ያጣና እንክብሉ ከሚገባው በላይ ይግላል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ እንክብሉ ሲያብጥ ቱቦውን ይወጥረዋል። ይህን ለማስታረቅ ክፍተቱ ሙቀት በደንብ በሚያስተላልፈው ሂሊየም ይሞላል። ግን ከ100 ስንጥቆች 30 ያህል የዜኖንና የክሪፕተን ጋዝ አቶሞች ይወለዳሉ። እንክብሉ እስካልጋለ ድረስ ጋዙን በውስጡ ይዞ ይቆያል፤ ሲግል ግን ይለቀዋል። ዜኖን ሙቀት አስተላላፊነቱ ደካማ ነው። ከሂሊየሙ ጋር ሲቀላቀል ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ እንክብሉ ይብስ ይግላል፣ የባሰ ጋዝ ይለቃል። ይህን አዙሪት ለመስበር ነው በዘንጉ አናት ላይ እንክብል የሌለበት ባዶ ክፍል የሚተወው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሞላ እንክብሎቹን በጉዞ ጊዜ ከመንቀጥቀጥ ይይዛቸዋል፤ ባዶው ግን ለሚመጣው ጋዝ ማደሪያ ነው።

ሌላው ፈተና ፍጥነት ነው። በ1970ዎቹ የኃይል መጠናቸውን በድንገት ከፍ ያደረጉ ማብላያዎች ውስጥ ጤነኛ የሚመስሉ ዘንጎች ይሰነጠቁ ጀመር። ድንገት የሞቀው እንክብል ቱቦውን ሲወጥረው፣ ከስንጠቃው የሚወለደው አዮዲን ደግሞ የተወጠረውን ብረት ከውስጥ ሲበላው ነበር። ካናዳውያን ቱቦውን ከውስጥ በስስ ግራፋይት ቀቡ፤ የሚፈላ ውሃ ማብላያ ሠሪዎች በውስጠኛው ገጽ ላይ ለስለስ ያለ ንጹሕ ዚርኮኒየም ደረቡ፤ የጣቢያ ሠራተኞችም ኃይል ቀስ በቀስ እንዲጨምሩ ታዘዙ። አንዳንድ ጊዜ የነዳጅ ንድፍ መፍትሔ በፋብሪካ ሳይሆን በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሥራ ደንብ ይገኛል።

ተራራ ሥር የነበረው ቤተ ሙከራ

ይህ ሁሉ የታወቀው ሰዎች የሚነድ ነዳጅ ውስጥ መለኪያ ማስገባት ስለቻሉ ነው። ከስፍራዎቹ ዋነኛው በደቡብ ምሥራቅ ኖርዌይ የምትገኘው ሃልደን ከተማ ነበረች። እዚያ ከአንድ የወረቀት ፋብሪካ አጠገብ፣ ዐለት ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ውስጥ ከባድ ውሃ የሚጠቀም 25 ሜጋ ዋት የሙከራ ማብላያ ተተክሎ ነበር። ማብላያው የሚያመነጨው እንፋሎት ለወረቀት ፋብሪካው ይሰጥ ነበር፤ ዋና ምርቱ ግን መረጃ ነው። በ1958 የብዙ አገሮች የጋራ ፕሮጀክት ሆኖ ተመሠረተ።

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በእንክብሉ መሐል ቀጭን ቀዳዳ ተቦርብሮ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ይገባበታል፤ በዘንጉ ጫፍ የጋዝ ግፊትና የርዝመት ለውጥ መለኪያ ይገጠማል፤ ከዚያ ዘንጉ ማብላያው ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ ንባቡ በየጊዜው ይመዘገባል። ነዳጁ እያረጀ በሄደ ቁጥር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ እንደሚዳከም፣ ጋዝ መልቀቅ የሚጀምርበት የሙቀት ወሰንም ከዕድሜው ጋር እንደሚወርድ በግልጽ ካሳዩት ልኬቶች ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ዛሬ በኮምፒውተር የነዳጅን ጠባይ የሚተነብዩ ፕሮግራሞች ትክክለኛነታቸው የሚመዘነው በእንዲህ ዓይነት ልኬት ነው። የሃልደን ማብላያ በ2018 ለዘለቄታው ተዘጋ። ኮምፒውተር ስሌቱን ሊያፋጥን ይችላል፤ አምስት ዓመት ማብላያ ውስጥ የኖረ ነዳጅ ለማግኘት ግን አምስት ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ቅርጽ ፖለቲካ ሲሆን

ዘንግ ለብቻው አይገባም። በተለመደው ንድፍ 264 ዘንጎች በ17 በ17 አራት ማዕዘን ተደርድረው አንድ ጥቅል ይሆናሉ፤ አንድ ትልቅ ማብላያ እንዲህ ያሉ 193 ጥቅሎች ሲኖሩት በድምሩ ከ50,000 በላይ ዘንጎች ይይዛል። ዘንጎቹን ቦታቸው ላይ የሚይዟቸው ፍርግርግ መደገፊያዎች ናቸው። የፍርግርጉ ሞላ ጠበቅ ካለ ዘንጉ ሲረዝም መፈናፈኛ አጥቶ ይጎብጣል፤ ከላላ ደግሞ የሚጋልበው ውሃ ዘንጉን እያንቀጠቀጠ ከፍርግርጉ ጋር ያፋትገውና ይበሳዋል። ጨረር ራሱ ሞላውን እያላላ ስለሚሄድ ነዳፊው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ጥብቅነት ለመጨረሻው ቀን ታስቦ ነው።

ሩሲያውያን ጥቅላቸውን ባለ ስድስት ማዕዘን አድርገው ነደፉ፤ ቪቪኢአር 1200 የሚባለው ማብላያቸው እያንዳንዳቸው 312 ዘንጎች ያሏቸውን 163 ጥቅሎች ይወስዳል። ይህ የቅርጽ ልዩነት የንግድም የፖለቲካም ጉዳይ ሆኗል። የቼክ ሪፐብሊኩ ተመሊን ጣቢያ ሩሲያ ሠራሽ ንድፍ ያለውን ማብላያ በ2000 ያስነሳው የአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ በሠራው ነዳጅ ነበር። ጥቅሎቹ ተጣመሙ፣ መቆጣጠሪያ ዘንጎችም እስከ ታች መውረድ ተቸገሩ፤ በ2010 ጣቢያው ወደ ሩሲያው አቅራቢ ዞረ። በዩክሬንም በ2005 ለሙከራ የገባው የዚያው ኩባንያ ነዳጅ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም፤ በ2012 ከሩሲያው ጥቅል ጋር ጎን ለጎን በተቀመጠበት ፍርግርጎቹ ተጎድተው ተገኙ። ንድፉ ተጠናክሮ ተመለሰ። ሩሲያ በ2022 ወረራ ስትከፍት ዩክሬን ከሞስኮ ነዳጅ መግዛት ማቆም የቻለችው ያ የብዙ ዓመት ሙከራ ከኋላዋ ስለነበረ ነው። ተመሊንም በዚያው ዓመት ለምዕራባውያን አቅራቢዎች እንደገና ውል ሰጠ።

አዲሱ ትውልድ

ከፉኩሺማ በኋላ ነዳፊዎች የያዙት ጥያቄ ውሃ ቢጠፋ ጊዜ የሚሰጥ ነዳጅ መሥራት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ቅርቡ መልስ የዚርኮኒየሙን ቱቦ በስስ ክሮሚየም መቀባት ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በ2018 ሀች በተባለው ጣቢያ አዳዲስ ቅይጦችና ሽፋኖች ያሏቸው የሙከራ ዘንጎች ገቡ፤ በ2019 ደግሞ በዚያው ግዛት በቮግትል ጣቢያ ክሮሚየም የተቀቡ ዘንጎች መሞከር ጀመሩ። ብረት፣ ክሮሚየምና አልሙኒየም የተቀላቀሉበት ቱቦ እንፋሎትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን የሚበላው ኒውትሮን ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው መሳሳት ወይም ዩራኒየሙ ይበልጥ መበልጸግ (የዩራኒየም 235 ድርሻው ከፍ ማለት) አለበት። የሲሊከን ካርባይድ ቱቦ ከሁሉም የሚጸና ቢመስልም ተሰባሪነቱና ጫፉን ማሸግ ገና ፈተና ነው።

ሌላው መንገድ ዘንጉን ራሱን መተው ነው። ትሪሶ በሚባለው ነዳጅ ዩራኒየሙ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቃቅን ኳስ ይሆንና በአራት ሽፋን ይለበጣል። ከአራቱ ጋዙን የሚያግተው ጠንካራው የሲሊከን ካርባይድ ንጣፍ ነው፤ ለዩራኒየሙ የሚቀርበው የመጀመሪያው ሽፋን ግን ቀዳዳ የበዛበት ካርቦን ነው፤ እብጠቱና ጋዙ የሚያርፉት እዚያ ነው። በዚህም ንድፍ ቢሆን ከጥንካሬው በፊት የታሰበው ክፍተቱ ነው። በቻይና ሺዳኦዋን የተገነባውና በታኅሣሥ 2023 የንግድ ሥራ የጀመረው ማብላያ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች የታጨቁባቸው፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ኳሶች ይጠቀማል። ቅንጣቶቹ እስከ 1,600 ዲግሪ ድረስ አብዛኛውን ብክለት በውስጣቸው ይዘው እንደሚቆዩ በሙከራ ታይቷል።

ገዢው ምን ይጠይቅ?

ግብፅ በኤል ዳባ አራት ቪቪኢአር 1200 ማብላያዎች እያስገነባች ነው። ኢትዮጵያም በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ ሕዝብ የሚሰማው ስለ ሜጋ ዋትና ስለ ብድር ነው። ማብላያ ግን ለ60 ዓመት ታስቦ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ በየአንድ ዓመት ወይም በየአንድ ዓመት ተኩል ከነዳጁ የተወሰነው ክፍል ይቀየራል። የነዳጁ ቅርጽ ለማን ምርት ብቻ እንደሚስማማ፣ ሌላ አቅራቢ ቢያስፈልግ የሙከራው ዓመታት ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠሩ፣ የነዳጁ የጠባይ መረጃ በማን እጅ እንደሚቆይ ውሉ ላይ ሊጠየቅ ይገባል። ዩክሬን መልሱን ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባታል።

ከውሉ ባሻገር የሚያስፈልገው ሰው ነው። ጊና ላይ ችግሩ የተገኘው በኮምፒውተር ትንበያ አልነበረም፤ ነዳጁ ከወጣ በኋላ ዘንጎቹን ለማየት የተመደቡ ባለሙያዎች ስለነበሩ፣ ያዩትንም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስላሳወቁ፣ መሥሪያ ቤቱም ኃይል ለመገደብ ሥልጣን ስለነበረው ነው። ማብላያ ለመግዛት የምታስብ አገር የብረታ ብረትና የሴራሚክ ምሁሮቿን፣ የጨረር ባለሙያዎቿንና ነጻ ተቆጣጣሪዋን ማዘጋጀት ያለባት ነዳጁ ወደብ ከመድረሱ ብዙ ዓመት ቀድማ ነው። ነዳጅ በገንዘብ ይገዛል፤ ነዳጁ ሲለወጥ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን በሥልጠናና በዓመታት ብቻ የሚገኝ ነው።